የፊተኛው መንጠቆ

ጎረቤቴ አሮጌ ጂፕ አለው። ጠዋት ጠዋት ከመስኮቴ ሥር አስነስቶ ያሞቀዋል። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የሻይ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል፤ የቤንዚን ሽታ ይገባል። ሞተሩ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል። እኔም መጻፍ የጀመርኩትን ዜና ትቼ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እንደገና እነሳለሁ። ሳላስበው አንድ ጣቴን ወደ ላይ ቀስሬ እገኛለሁ። "በዝቷል፣ ይቀነስ" ማለት ነው። የሚያየኝ ሰው ግን የለም።

ምልክቱን የተማርኩት በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ አርባ ምንጭ ነው። ከትምህርት እንደወጣሁ ያገኘሁት ሥራ የዝናብ መለኪያዎችን እየዞሩ ማንበብ ነበር፤ ሰኞ ቆላው ላይ ላንቴ እና ጫኖ፣ ሐሙስ ደጋው ላይ ጨንቻ። የመሥሪያ ቤቱ መኪና በአራቱም ጎማ የምትሄድ ትንሽ ጂፕ ነበረች። ሾፌሩ የዶርዜ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸው ነበር። ሞተሩን "እሷ" ይሏታል።

ወደ ጨንቻ ስንወጣ ሁልጊዜ አንድ ኩርባ ላይ እንቆማለን። ከታች ሐይቁ በሙቀት ደብዝዞ ይታያል፤ ከላይ ጉሙ በቀርከሃው መሃል ይወርዳል፤ አየሩ እርጥብ ቅጠል ይሸታል። ቆላ ላይ የተስተካከለ ሞተር እዚያ ሲደርስ አየሩ ይሳሳበትና በቤንዚን ይታፈናል፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ጋሼ ኮፈኖውን ከፍተው የካርቡሬተሩን ብሎን በካቻቢቴ ጥቂት ያጠብቃሉ፤ ስንመለስ እዚያው ቆመው ያላሉታል። የከተማው ሾፌሮች "እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ነው የሚፈልጓት" እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

"ምን ትላለች?" ይሉኛል እንዳጎነበሱ።

"ትንሽ ትቸኩላለች።"

"በአፍህ አይደለም፣ በጣትህ።"

ጣት ወደ ላይ ከሆነ በዝቷል፤ ወደ ታች ከሆነ ልትጠፋ ነው። መዳፌን ዘርግቼ ወደ መሬት ስመልሰው ተስተካክላለች፣ አይንኳት ማለት ነው። ሙያ የሚያስተምሩኝ መስሎኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ ኩርባውን ዘግተን ሳለ ከኋላችን አውቶቡስ መጣ። ሾፌሩ ጡሩምባውን ደጋግሞ ነፋ፤ ተሳፋሪዎቹ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ተሳደቡ። ጋሼ ካቻቢቴያቸውን ረጋ ብለው በጨርቅ ይጠርጋሉ። ትከሻቸውን ስነካቸው ደነገጡ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳቸው ፊት ለፊታቸው ዞሬ። ከንፈሬን አዩ።

"ግራው ቆየ። ቀኙ ዘንድሮ ነው።" መዳፋቸውን ኮፈኖው ላይ አሳረፉ። "እጄ ይሰማል፣ ዓይኔም ደህና ነው። ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀረኝ። መሥሪያ ቤት ካወቁ ግን ቁልፉን ወስደው በር ላይ ዘበኛ ነው የሚያደርጉኝ። ለሰው አትንገር፣ ልጄ።"

"አልናገርም" አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሯቸው እኔ ሆንኩ።

በሚያዝያ ዝናብ መሃል አዲሱ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ሥራችንን ሊያዩ አብረውን ወጡ። ከምዕራብ ዓባያ ስንመለስ ጫኖ አጠገብ መንገዱን ውሃ ሸፍኖት ነበር። ጂፗ ተንሸራታ በአፍንጫዋ ጭቃ ውስጥ ገባች። ሙዝ የጫነ መኪና ደረሰልንና ሾፌሩ ሊጎትተን ካቦ አወጣ።

"ይቺን ሳጥን ከሙዙ ላይ ብንጭናት ይቀል ነበር" አለ። ሁላችንም ሳቅን። ጋሼም እኛን አይተው ሳቁ።

"ችግር ካለ ክላክስ አደርጋለሁ፤ ያኔ ትቆማለህ" አሉት። ወደ መሪው ሲሄዱ ወደ እኔ ዞሩ፤ "አንተ፣ ካቦውን መንጠቆው ላይ።"

መንጠቆው ከፊት፣ ከሥር፣ ከሻሲው ጋር በወፍራም ብሎን የታሰረ ነው። የምትጎተተው በእሱ ብቻ ነው፤ የፊት መከላከያው፣ ፓራውልቱ፣ ለመልክ ነው እንጂ ክብደት አይችልም። ይህን ደጋግመው ነግረውኛል። በጉልበቴ ተንበርክኬ እጄን እስከ ክርኔ ጭቃው ውስጥ ሰደድኩ፤ መንጠቆውን አጣሁት። ኃላፊው ሰዓታቸውን ያያሉ። የሙዙ ሾፌር ሞተሩን ያጓራል። ካቦውን ፓራውልቱ ላይ ጠምጥሜ ቆለፍኩት። ተነሳሁና መዳፌን ዘርግቼ ወደ መሬት መለስኩ። ጋሼ በመስታወቱ ውስጥ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ካቦው ተወጠረ። ከጎን ቆሜ ፓራውልቱ ሲጣመም፣ ብሎኖቹ ሲነቀሉ አየሁ። "ክላክስ! ክላክስ!" ብዬ ጮህኩ። የጋሼ ዓይን ከፊት ያለው መኪና ላይ ነበር። ፓራውልቱ ተገንጥሎ በረረ፤ መብራቱን ሰብሮ ከኃላፊው ጉልበት አንድ እርምጃ ርቆ አለፈ።

ጋሼ ወርደው ፓራውልቱ ወደ ወደቀበት ሄዱ። አጎነበሱና ካቦው የተቆለፈበትን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱ።

"ልጁ ይህን ያህል ሲጮህ አልሰሙም?" አሉ ኃላፊው ከኋላቸው። ቀረብ ብለው ከጀርባቸው አንድ ጊዜ አጨበጨቡ። ጋሼ ዞር አላሉም።

በማግሥቱ ኃላፊው ቢሯቸው ጠርተው ወረቀት ሰጡኝ። "ያየኸውን ብቻ ጻፍ" አሉኝ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ ጮህኩ። ሾፌሩ ከእኔ የነበሩበት ርቀት ስድስት እርምጃ ያህል ነው። አልሰሙም። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። ስለ መንጠቆው አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጻፍኩም።

"ንጹሕ ጽሑፍ ነው" አሉ ኃላፊው። "ጋዜጠኛ ይወጣሃል።"

ጋሼ ቁልፉን አስረክበው በር ላይ ተቀመጡ። አዲሱ ሾፌር ኩርባው ላይ አይቆምም ነበር፤ ጂፗ እያሳለች፣ ጥቁር ጭሷን እየተፋች ጨንቻ ትደርሳለች። እኔም ኩርባውን ባለፍን ቁጥር መቀመጫዬ ላይ መርጋት ያቅተኛል።

አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ጋሼ በሩ ላይ ሆነው ጠሩኝ። ፀሐይዋ ወደ ተራራው ዘንበል ብላ ነበር፤ ከታች የሐይቁ ውሃ ያበራል።

"የጻፍከው አንተ ነህ አሉኝ።"

"አዎ ጋሼ።"

"አለመስማቴ እውነት ነው።" ከንፈሬን እያዩ፣ "መንጠቆው ላይ ነበር ያሰርከው?" አሉኝ።

የዳሰሱትን ያውቃሉ። እንድናገር ዕድል እየሰጡኝ እንደነበር ዛሬ ይገባኛል። ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞርኩ። "አይደለም፤ ፓራውልቱ ላይ ነው" አልኩ፣ ጥርት አድርጌ፣ ከንፈሬን በማያዩበት በኩል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው እውነቱን እንዲነግረኝ ለምኛለሁ፣ ተከራክሬያለሁ። የጻፍኩት ሲሳሳት በማግሥቱ እርማት አወጣለሁ። ያን ቀን ግን እውነቱን ለውሃው ነግሬ ዞርኩ።

ጋሼ አንድ እጃቸውን አንስተው ነበር። መዳፋቸውን ዘረጉና ቀስ ብለው ወደ መሬት መለሱት። ገብቷቸው ይሁን ወይስ ፊቴን ማዞሬ ብቻ በቅቷቸው ይሁን፣ ማረጋገጥ አልቻልኩም። ከዚያ ተነሥተው በሩን ከፈቱልኝ።