የአባ መጫ ቀይ ጨርቅና የኔ ሞንታርቦ

ትናንት ከሰዓት... የሐሙስ ገበያ ጢም ብሎ፣ እኔ ሱቄ ውስጥ ቴፑ ላይ ተደፍቼ ላብ ያጠምቀኝ ነበር።

እኔን የማያውቅ ካለ ጅማን አያውቅም። ሙዚቃ ቤት አለኝ። ጣሪያዬ ላይ ያሰርኩት ሞንታርቦ ሲጮህ ከጊንጆ ጉዱሩ እስከ ቦሳ አዲስ ይሰማል። ደዶ ድረስ ይሰማል የሚሉም አሉ... እኔ አላልኩም፣ ግን አልክድም። ጅማ የራሷ ሬድዮ የላትም የሚል ሰው ጆሮውን ይታከም። ሬድዮዋ እኔ ነኝ! ማስታወቂያ እንኳ አለኝ። ጫማ ሻጩ ሻይ ከጋበዘኝ በሁለት ዘፈን መሃል ስሙን እጠራለታለሁ። ካልጋበዘኝ የራሱ ጉዳይ፣ ሕዝቡ በባዶ እግሩ ይሂድ።

ፕሮግራሜ ደግሞ እንደ ሰዉ ይቀያየራል። ጠዋት ነጋዴው ሱቅ ሲከፍት መንዙማ። ረፋድ ላይ የደዶ ሰዎች ማርና ቅቤ ይዘው ሲገቡ ኦሮምኛ። ማታ ማታ የኮሌጅ ተማሪዎች ሲወጡ የፈረንጅ ዲስኮ፣ ቃሉ ባይገባኝም ትከሻዬ ይገባዋል።

የመጨረሻው ፕሮግራም የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። «ከአብዮታዊ መዝሙር ሌላ አንድ ቀን ብሰማ ሞንታርቦውን ለቀበሌ እወርሰዋለሁ!» ብሎኛል። እሱ ሲመጣ ከእኔ ሱቅ አይታይም። ከፊት ለፊቴ ልብስ ሰፊው አባ መጫ ግን ማዞሪያው ድረስ ያያሉ። ስለዚህ ተስማማን። ሊቀመንበሩ ብቅ ሲል አባ መጫ በራቸው ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቅላሉ፣ እኔ የአብዮት ማርሽ እከታለሁ። ሲያልፍ ጨርቁ ይወርዳል፣ ማርሹም ይወርዳል። ሰውየው እኔን የሠፈሩ ንቁ ወጣት ነው የሚለኝ። ምን ያድርግ፣ ነቅቻለሁ እኮ!

አሁን ወደ ጉዳዩ። ዘይቱናን ለማግባት ሽማግሌ ልኬ ነበር። አባቷ ሐጂ ሱልጣን ምን ብለው መለሱ?

«ሐሙስ አባ መጫ ደጅ እቀመጣለሁ። ቀኑን ሙሉ የሚያሰማውን ሰምቼ፣ ሰው መሆኑን አይቼ እነግራችኋለሁ።»

ይሄማ ለእኔ ቀላል ነው አልኩ። መንዙማ ካሴቶቼን ደረደርኩ። ሐጂ መጡ፣ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው መቁጠሪያቸውን ያንከባልላሉ። «ማሻአላህ... ማሻአላህ...» ሲሉ ከዚያ ማዶ ከንፈራቸውን አነባለሁ። ልቤ ውስጥ ሰርጉ ተጀምሯል።

አንድ የደዶ ማር ሻጭ ሱቄ በር ላይ ቆመ።

«ያ ጉርባ! ሲርባ ኬኛ ኤሳ? ዘፈናችንስ የት ገባ?»

«ቦሩ አባቴ፣ ቦሩ... ነገ! ነገ እከፍትልዎታለሁ!»

«ነገ ገበያ የለ!» ብሎ እየተራገመ ሄደ። ይሂድ። እኔ ሚስት እያገባሁ ነው።

ከዚያ ቀና ስል... ከሐጂ ጥምጣም በላይ ቀይ ጨርቅ ተሰቅሏል!

ያ ረቢ! መንዙማው ከቀጠለ ሞንታርቦዬ ቀበሌ ገባ። ማርሹን ከከተትኩ ዘይቱና ሄደች። አባ መጫ አፋቸው ውስጥ መርፌ እንደያዙ በዓይናቸው «ቶሎ በል!» ይሉኛል። የሊቀመንበሩ ካኪ ማዞሪያው ላይ ደርሷል ማለት ነው።

ዘይቱናን ያለ ሞንታርቦ ምን ላበላት ነው? ወላሂ እንዲህ ብዬ አሰብኩ። መንዙማውን መሃሉ ላይ ቀጭ! ማርሹን ከተትኩ። ድምፁን እስከ ጥግ!

ሊቀመንበሩ መጥቶ ልክ ሐጂ ፊት ቆመ። ደረቱን ነፋ። ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ፤

«ኢትዮጵያ ትቅደም!»

ገበያው እጁን ለማንሳት ዳር ዳር ሲል ከሁሉ ቀድሞ ከበርጩማው የተነሳው ማን ነው? ሐጂ ሱልጣን! ግራ ቡጢያቸው ሰማይ ላይ፣ መቁጠሪያው ከቡጢው ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል።

«ትቅደም!»

«ጎበዝ አባት!» አለ ሊቀመንበሩ። «እንዲህ ያለ የነቃ አዛውንት ነው የምንፈልገው!» ትከሻቸውን ቸብ ቸብ አድርጎ አለፈ።

ጨርቁ ወረደ። እኔም መንዙማውን ከተቆረጠበት ቀጠልኩ። ምንም እንዳልተፈጠረ... አይ፣ ሐጂ መንገዱን እየተሻገሩ ነው። ፊታቸው በርበሬ መስሏል።

«አንተ! ሰው ባለፈ ቁጥር የምትገለበጥ! ዛሬ መንዙማ፣ ወዲያው ማርሽ፣ መልሰህ መንዙማ! ልጄን ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው የምሰጥ?»

እኔ ዝም ብዬ አላውቅም። ምላሴ ሳያማክረኝ ወጣ፤

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... እኔ ለመገልበጥ የቴፕ ቁልፍ መጫን ነበረብኝ። እርስዎ ግን ማንም ሳይጫንዎት ነው የተነሱት።»

ማዶ አባ መጫ መርፌያቸውን ተፍተው በሳቅ ፈረሱ። አለቀልኝ አልኩ። ሐጂ ግራ እጃቸውን ቀስ ብለው አዩት። መቁጠሪያው አሁንም ቡጢው ውስጥ ነው። መጀመሪያ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሆዳቸው... «አስተግፊሩላህ! አስተግፊሩላህ!» እያሉ ባንኮኒዬን ተደግፈው እስኪያነቡ ሳቁ።

ዓይናቸውን ጠርገው ዞር አሉና፤

«በል፣ ነገ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎችህን ላካቸው። ቆይ ግን... ሰርጉ ላይ ምንድነው የምታሰማን?»

«አባ መጫ በር ላይ የተሰቀለውን አይቼ ነዋ!» አልኳቸው።

ይኸው ዛሬ ሽማግሌዎቼ ወጥተዋል። አባ መጫም ቀዩን ጨርቅ ለሰርጉ ብለው አጥበው አስጥተውታል።