ከበሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ

አናጢው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ማጅራት ገትር ያዘው። አሥራ አንድ ቀን ራሱን ሳያውቅ ከረመ። እናቱ ተስፋ ቆርጣ ዘመድ ካስጠራች በኋላ ዓይኑን ገልጦ ውሃ ጠየቀ። ተረፈ፤ ግራ ጆሮው ግን ከዚያ ወዲያ ሰምቶ አያውቅም።

ወደ ትምህርት ቤት ሲመለስ ይህን ልብ ያለ ሰው አልነበረም። አስተማሪው የልጅ ጭንቅላት ባዶ ዕቃ ነው ብለው ያምኑ ነበር። አስተማሪ ይቀዳበታል፤ የሚያፈሰው ዕቃ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህ ጎበዞቹን ከፊት፣ ሌላውን እንደየውጤቱ ወደ ኋላ ይደረድሩ ነበር። ለእሱ የደረሰው የመጨረሻው ረድፍ፣ የቀኙ ግድግዳ ጥግ ነበር። ድምፃቸው የሚመጣው በደነቆረው ጆሮ በኩል ነው። ሲጠሩት ዝም ይላል። “ንቆኝ ነው” እያሉ ሁለት ዓመት በአርጩሜ ገረፉት፤ በሦስተኛው “ሂድና እንጨት ፍለጥ” ብለው አባረሩት።

ፈለጠ። ከአንድ ሽማግሌ አናጢ ጎን ቆሞ፣ እያየና እየሞከረ፣ ሲያበላሽም እየተሰደበ ሙያ ለመደ። ማንበብን በሠላሳ ዓመቱ ከልጆቹ ደብተር ላይ ተማረ። ከዚያም የአንድ ትምህርት ቤት አናጢ ሆኖ ሃያ ሁለት ዓመት ሠራ። ሜትር ከእጁ ስለማይለይ ተማሪዎቹ “ጋሽ ሜትር” ይሉት ነበር።

አዲሱ ርዕሰ መምህር የመጣው ከሥልጠና በቀጥታ ነው። ጫማው ያበራል፤ አፉም እንደ ጫማው። ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ፣ ዕውቀት ከመምህር አፍ ወደ ልጅ ጆሮ አይፈስም፣ ልጆች ተወያይተውና ሞክረው ራሳቸው ይገነቡታል አለ። አናጢው ይህን ሲሰማ ልቡ ሞላ። በሕይወቱ ያየው እውነት በሌላ ሰው አፍ ሲነገር የመጀመሪያው ነበር። ስድስት ልጅ ዙሪያውን የሚያስቀምጥ ጠረጴዛ ሥራ ሲባል፣ የየክፍሉን ልጆች ጉልበት ከወለል በሜትር እየለካ ሠላሳ አራት ጠረጴዛ ሠራ። አንዱም አይወላገድም።

ከወር በኋላ የበር ማጠፊያ ሊጠግን የመጨረሻ ልጁ ወደምትማርበት አራተኛ ክፍል ገባ። መምህርቷ እንደ ድሮው ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች፣ ታነባለች፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። የተለወጠ ነገር ቢኖር የልጆቹ ግማሽ ጀርባቸውን ለሰሌዳው መስጠታቸው ነው። ግድግዳው ላይ በትልቁ “ወንበር ማዞር ክልክል ነው” የሚል ተለጥፏል። ጠረጴዛዎቹም ደረጃ ወጥቶላቸዋል፤ ጎበዞቹ ከፊት፣ “ደካሞች” የተባሉት ከበሩ አጠገብ። ልጁ እዚያ፣ ጀርባዋን ለሰሌዳው ሰጥታ ተቀምጣለች። አንገቷን ስታዞር መምህርቷ በማስመሪያ ትከሻዋን መታ አደረገቻት።

“ፊትሽን ወደ ጠረጴዛሽ!”

ማጠፊያውን ጥርሱን ነክሶ አጠበቀ። ማታ ደብተሯን ገለጠ። ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ መሐል ላይ ተቆርጧል።

“ምነው ልጄ፣ ሌላው የት ሄደ?”

“አንገቴን መልሼ እስካዞር መምህርቷ ታጠፋዋለች አባባ።”

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። ልጅቷ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሻሻለች ወደ ሦስተኛ ክፍል ትወርዳለች ይላል። አናጢው ደብዳቤውን ይዞ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባ።

“ጠረጴዛው እንዲህ ከተቀመጠ መምህርቷ ከሰሌዳው ወርዳ በልጆቹ መሐል ትዙር። ካልሆነ ወንበሩ ይዙር” አለ።

ርዕሰ መምህሩ ከወረቀቱ ቀና አላለም። “አንተ ስለ ትምህርት ምን ታውቃለህ?”

“ጠረጴዛውን የሠራሁት እኔ ነኝ።”

“እንግዲያው እንጨትህን ተመልከት። ልጅህ ሰነፍ ናት፤ ከማን እንደወረሰች ደግሞ መዝገብ ማገላበጥ አያስፈልገኝም።”

ርዕሰ መምህሩ በበኩር ልጁ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ቢሆንም አናጢው ኮፍያውን አጥልቆ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ። ሚስቱ ስትሰማ “ዝም ብለህ ነው የወጣኸው? አንተ ሰውዬ፣ ያ መዶሻህ ለምስማር ብቻ ነው?” አለችው።

ዕድሉን የሰጠው ራሱ ርዕሰ መምህሩ ነው። ከትምህርት ቢሮ ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ሆነ። አራተኛ ክፍል ሞዴል ክፍል ተብሎ ስለተመረጠ ከእነሱ ጋር የሚደረገው ስብሰባ እዚያው እንዲሆን ታዘዘ።

“ክፍሉን ስታሰናዳ ምንም እንዳትነካ” አለው ርዕሰ መምህሩ አናጢውን። “ሁሉም ነገር ልክ ልጆቹ እንደሚማሩበት ይሁን። እንግዶቹም እነሱ ወንበር ላይ ይቀመጡ።”

አናጢው እንደታዘዘው አደረገ። የስም ካርዶቹን ሲደረድር ብቻ የዋና ተቆጣጣሪዋን ከበሩ አጠገብ፣ ልጁ በምትቀመጥበት ወንበር ፊት አኖረ። የመምህርቷንም ከጎናቸው።

በስብሰባው ቀን ርዕሰ መምህሩ ጠመኔ አንስቶ ስለ አዲሱ ዘዴ ሰሌዳው ላይ መጻፍና መሣል ጀመረ። ዋና ተቆጣጣሪዋ፣ ጠና ያሉ ወፍራም ሴት፣ አንገታቸውን አዞሩ፣ መለሱ፣ እንደገና አዞሩ። በመጨረሻ ወንበሩን ይዘው ብድግ አሉ።

አናጢው ከበሩ ላይ “ይቅርታ እመቤቴ፣ ወንበር ማዞር ክልክል ነው” አላቸው።

“ማነው የከለከለው?”

“ሕጉ ግድግዳው ላይ አለ።”

ሴትዮዋ አነበቡና ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞሩ። “ልጆቹ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው የሚቀመጡት?”

“ዋናው ነገር ውይይቱ ነው እመቤቴ፤ ልጆቹ እርስ በርስ…”

“መቼ ነው የሚወያዩት?” ጥያቄው ለመምህርቷ ነበር። እሷም ግራ ገብቷት እውነቱን አወጣችው።

“መወያየትማ… ጩኸት ስለሚሆን ከልክለናል።”

ከወዲያ አንድ ሰው ሳቁን አፈነ። ርዕሰ መምህሩ ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

“ይህ ሰው ተራ የጥገና ሠራተኛ ነው! ሆን ብሎ ነው!”

“ሆን ብዬ ነው” አለ አናጢው። “እናንተ ሃያ ደቂቃ አልቻላችሁም። ልጄ ሁለት ወር ተቀምጣበታለች። ሰነፍ ተብላ ልትወርድ የቀራት ዘጠኝ ቀን ነው፤ ደብዳቤ ጽፈውልኛል።”

ሴትዮዋ ደብዳቤውን አምጣ አሉት፤ አንብበው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ልጅቷ አልወረደችም። የ“ደካሞች” ጠረጴዛ በማግስቱ ተበተነ፣ ማስጠንቀቂያው ከግድግዳው ወረደ። መምህርቷ ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ሰላምታም ነፈገችው። ነገር ግን ሰሌዳውን ትታ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስትዞር በመስኮት አይቷታል። ርዕሰ መምህሩ በበኩሉ አልማረውም። በዚያው ሳምንት “ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል” የሚል ወረቀት ጽፎ አሮጌ ዕቃ ወደሚከማችበት መጋዘን አዛወረው፤ ጡረታ እስኪወጣ እዚያው ቀረ።

በቅርቡ አንድ ጎረቤት፣ አንተስ ለጠረጴዛ ብለህ መጋዘን ተጣልክ ብሎ ሲያሾፍበት፣ አናጢው እንዲህ ሲል መለሰ፦

“ለጠረጴዛ አይደለም። እንጨት ክብ ቢሆን አራት ማዕዘን ቢሆን ግድ የለውም፤ እንዳዘዙት ይቆማል። የሚበልጥብኝ አስተማሪ የሆነ ሰው በዓመት አንድ ቀን እንኳ ልጁ በሚቀመጥበት ወንበር ቁጭ ብሎ ከዚያ ምን እንደሚታይ ማየቱ ነው። ለዚህ ዲግሪ አይጠየቅም። ጉልበት ማጠፍ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ እምቢ ያሉ ብዙዎችን አውቃለሁ።”