የዘይባ ሦስት ዋጋ

ይህ ጽሑፍ ከወጣበት ዕለት ጀምሮ የጸና ይሆን ዘንድ ለቡታጅራ ነዋሪ፣ ለመስቃን ገበሬ፣ ለመርካቶ ነጋዴና ለሚመለከተው ሁሉ የሚከተለው ታውጇል። አንደኛ፦ ዘይባ ሸምሶ፣ ወንበሯ ላይ ሁለት የስልክ ማውጫ ካልደረበች ከመስኮቱ የማትደርስ፣ የአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ገንዘብ ተቀባይ፣ ከዛሬ ጀምሮ የታሪክ ሰው ናት። ሁለተኛ፦ ሐውልት አይሠራላትም፤ በጀት የለም። ሦስተኛ፦ ይህን አዋጅ የሚቃወም ሰው በመስኮቱ በኩል ይሰለፍ፤ ስንት እንደሚከፍል ፊቱን አይታ ትነግረዋለች።

በእርግጥም ፊት አይታ ነበር የምትነግረው። ክሊኒኩ የጋሽ ብርሃኔ ነው። ጋሽ ብርሃኔ በድሬሰርነት ከመንዝ ተመድበው መጥተው፣ ጡረታ ሲወጡ አገራቸው መግባቱን ትተው ከአስፋልቱ ዳር ሦስት ክፍል የተከራዩ ሰው ናቸው። ደጁ ላይ ጋሪዎች ይቆማሉ። በገበያ ቀን ወረፋው ሁሉ በርበሬ በርበሬ ይሸት ነበር፤ ካርድ ሳይወጣለት የሚያስነጥሰው ካርድ ካወጣው ይበልጣል። ረጅሙ አግዳሚ ላይ ስምንት ሰው ተጠጋግቶ ሕመሙን ሲያወራ ግማሹ ሐኪም ጋ ሳይደርስ ይሻለዋል። ዛሬ በዚያ ቦታ የፕላስቲክ ወንበሮች አሉ። ሰውን ለየብቻው ያስቀምጣሉ።

ዘይባ ሦስት ዋጋ ነበራት። የገጠር ዋጋ፣ ካርድ ሦስት ብር። የከተማ ዋጋ፣ ስምንት ብር። እኔ የከተማ ነበርኩ። የመምህር ደመወዝ ከአንድ የበርበሬ ገበሬ ገቢ እንደሚያንስ በአኃዝ አስደግፌ ብከራከራት «እርስዎ በወር በወሩ ያገኛሉ፤ ዝናብ አይጠብቁም» ብላ ካርዴን ገፋችልኝ። በራሪ ወረቀት እያነበብኩ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ አጭር የመደብ ትንተና ግን አንብቤ አላውቅም።

ሦስተኛው የእንግዳ ዋጋ ነው። ይህ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በአረፋና በመስቀል ሰሞን ብቻ ይሠራል። ያኔ ከአዲስ አበባ የተመለሰው ልጅ ሁሉ እናቱን ክንዷን ይዞ ይመጣል። ዓመቱን ሙሉ ያላያትን በአንድ ጠዋት ሊክሳት ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ ግፊት፣ ምርመራ የተባለውን ሁሉ ያዝላታል። ዘይባ «ካርድ ሃያ አምስት ብር» ስትለው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ስንት አልሽ?» ይላል። ሰምቷታል፤ አግዳሚው ላይ ያለው ሰው እንዲሰማ ነው። እናትየውም ቀና ትላለች። በዚያ ብር ሦስት ብር የሚከፍለው ገበሬ እስከሚቀጥለው በዓል ይታከማል። ለዚህ ዓይነቱ ነገር ምሁሮቻችን ስም ለማውጣት የሦስት ቀን ዓውደ ጥናት ከነውሎ አበሉ ይፈልጋሉ።

ሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት ላይ ለውጥ መጣ። የዚያን ጊዜ ለውጥ ያልመጣበት ቢሮ አልነበረም፤ ጠረጴዛ ከግድግዳ ወደ መስኮት ሲዞር እንኳ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ይባል ነበር። ጋሽ ብርሃኔ ወልቂጤ ላይ አንድ ስብሰባ ተካፍለው አንድ ክምር ወረቀት ታቅፈው ተመለሱ። በወሩ ኮምፒውተር ገዙ፣ የክሊኒክ ሂሳብ ፕሮግራምም ሙባሪክ ከሚባል የወልቂጤ ወጣት ጋር አመጡ።

«ዋጋ አንድ ይሆናል» አሉ ጋሽ ብርሃኔ። «ካርድ አሥራ አምስት ብር፣ ለሁሉም። ሰው ፊት እያዩ ዋጋ መናገር ያለፈበት አሠራር ነው።»

«ሃሊማስ?» አለች ዘይባ። ሃሊማ አስም ያለባትን ልጇን አዝላ በየወሩ ከገጠር በእግሯ የምትመጣ ሴት ናት።

«ለሃሊማ ብዬ የዋጋ ሰንጠረዥ አልሠራም።»

«ይሠራሉ እንጂ ጋሽዬ። እስከ ዛሬ የተሠራውም ለእሷ ነው።»

ሁለት ቀን ተኳረፉ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው አግዳሚው ሁሉ እየሰማ ውል አቀረቡ። ሦስቱም ዋጋ ፕሮግራሙ ውስጥ ይግባ። የአረፋ ሳምንት ገቢ ማሽኑ በሚያወጣው ሪፖርት ካለፈው ዓመት ካላነሰ ሦስቱ ይቆያሉ። ካነሰ አንድ ዋጋ። ዘይባ ተስማማች። የአረፋን ሳምንት ታውቀዋለች፤ ከዝናብ ይልቅ የታመነ ነው።

ሙባሪክ አሠራሩን አሳያት። እያንዳንዱ ዋጋ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ይጻፍለታል፤ ቀኑ ካልሆነ ማሽኑ ራሱ ወደ ዝቅተኛው ዋጋ ይመለሳል። ይህን ብሎ ክትፎ ሊበላ ወጣ። ዘይባ ምላሷን በጥርሷ ይዛ በአንድ ጣቷ ጻፈች፦ እንግዳ፣ ከ22/03/2001 እስከ 06/04/2001። ከኅዳር ሃያ ሁለት እስከ ታኅሣሥ ስድስት ማለቷ ነው። በስክሪኑ ጥግ ላይ 2008 የሚል ቁጥር ነበር፤ አይታዋለች። ሰዓቱም በስድስት ሰዓት የተዛባ ስለነበር ማሽኑ ገና አዲስ ነው፣ ይለምዳል ብላ አለፈችው። ሙባሪክ ተመልሶ ሦስቱን መስመር ቆጠረ፣ ጎበዝ አላት፣ ዋጋውን ማንም እንዳይነካው በይለፍ ቃል ቆልፎ ለበዓሉ ወደ ዘመዶቹ ሄደ።

የመጀመሪያው እንግዳ ሐጂ ሰይዶ ነበር። መርካቶ ጨርቅ ይነግዳል፤ አማቱን ይዞ ነው የመጣው፣ ከኋላውም የሚስቱ ወንድሞች ቆመዋል። ሰላምታው በአግዳሚው ከዳር እስከ ዳር ተዳርሶ ሲያበቃ ዘይባ ስሙን አስገብታ ቁልፉን ተጫነች። ማተሚያው ተንጫጫና ደረሰኝ ተፋ። ሦስት ብር ይላል።

ሐጂ ወረቀቱን ገልብጦ አየው።

«ዘይባ፣ ምን አደረግኩሽ?»

«ማሽኑ ነው ሐጂ።»

«ከስሯል ብሎ ማነው ያወራው? ለአማቴ የሦስት ብር ሰው ነኝ?»

ዘይባ ቁልፉን ደግማ ተጫነች፤ ማሽኑ ሦስት ብሩን ደገመ። ሐጂ መቶ ብር መስኮቱ ላይ ጥሎ መልሱን ሳይቀበል አማቱን ይዞ ገባ። ያን ሳምንት የመጣው ሁሉ እንደዚያ አደረገ። አንዱ ደረሰኙን ቀዶ ሃምሳ ሰጠ፣ አንዱ ተሳድቦ ሰማንያ ሰጠ። ሙባሪክ ስልክ አያነሳም። ዘይባ በእጇ ደረሰኝ ልጻፍ ብትል ጋሽ ብርሃኔ ከማሽን ያልወጣ ወረቀት ወረቀት አይደለም አሏት።

በሳምንቱ መጨረሻ መሳቢያው አልዘጋ አለ። የማሽኑ ሪፖርት ግን ካለፈው ዓመት ሩቡን እንኳ አልሞላም። ጋሽ ብርሃኔ መነጽራቸውን አድርገው ሪፖርቱን አዩ፣ አውልቀው መሳቢያውን አዩ።

«ማሽኑ ያላለውን ብር ከየት አመጣሽው?»

«ከሰዎቹ እጅ ነዋ ጋሽዬ። እዚሁ ቆመው ሲሰጡኝ አላዩም?»

ማየትስ አይተዋል። ወልቂጤ የሰጧቸው ወረቀት ላይ ግን ስለ ማየት የተጻፈ ነገር አልነበረም። ብሩን በፖስታ አሽገው «ምንጩ ያልታወቀ» ብለው ጻፉበት።

ሰኞ ሙባሪክ መጥቶ ሰንጠረዡን ከፍቶ ሳቀ። ማሽኑ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፤ የዘይባ አረፋ ካለፈ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ሆኖታል። ሁለቱን ቀን በፈረንጅ ብንጽፈው ይስተካከላል አለ። ዘይባ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አዩ? የሰዉ ጥፋት አይደለም። ዋጋው ልክ ነበር፤ ቀኑ ነው።»

ጋሽ ብርሃኔ ክፉ ሰው አልነበሩም። ቃላቸውን ግን በአግዳሚው ፊት ተናግረዋል። «ውሉ ሪፖርቱ ነው» አሉ፣ ዓይኗን ሳያዩ። ሙባሪክ ሁለቱን መስመር አጠፋ። ሲያጠፋ እጁን ትንሽ ያዝ እንዳደረገ እመሰክርለታለሁ።

ሃሊማ በወሩ ልጇን አዝላ መጣች። አሥራ አምስት ብር መባሏን ስትሰማ አልተከራከረችም። ዘይባ የጎደለውን ከራሷ ሞላችላት። በሁለተኛው ወርም ሞላችላት። በሦስተኛው ወር ሃሊማ ሰው ማስቸገሩ ከብዷት ቀረች። የዘይባ ዓይን ግን አስፋልቱ ላይ ቀረ፤ ከገጠር የመጣ ጋሪ በቆመ ቁጥር ከስልክ ማውጫው ላይ ቀና ትል ነበር።

በሚቀጥለው አረፋ ሐጂ ሰይዶ አማቱን ይዞ ተመለሰ። አሥራ አምስት ብር ተባለ፣ ቆጥሮ አሥራ አምስት ብር ከፈለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቀና ያለም ሰው የለም። ደረሰኙ ትክክል፣ ቀኑ ትክክል፣ ሪፖርቱ ትክክል ሆነ፤ ማንም ደግሞ ማንንም አላፈረም።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። በሚቀጥለው ጊዜ ክሊኒክ መስኮት ላይ ስትቆም፣ እጅህን ኪስህ ከመክተትህ በፊት ዞር በልና ከኋላህ የቆመውን ሰው እየው። ጫማውን እየው፣ የጨበጠውን ብር እየው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠጋ በልና፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ፣ አግዳሚው ሁሉ እየሰማ፣ ልጅቷን «እኅቴ፣ የእኔን ዋጋ የእንግዳ አድርጊው» በላት።