የበሬ ገመድ ለውሻ አንገት

መጀመሪያ ይህን እንረዳ፦ የበሬ ገመድ ቀንድ ላይ ይታሰራል፤ የውሻ ግን አንገት ላይ ነው።

ዛሬ ጠዋት ውሻዬን ቡቺን ለእብድ ውሻ በሽታ ላስከትበው ስወስደው አስፋልቱ መሀል ተዘረረብኝ። ምላሱ ወጥቷል፤ ባጃጆቹ ጡሩንባ ይነፋሉ።

ገመዱን ከገበያ ነው የገዛሁት። ሻጩ «መምህር፣ በሬ የቻለ ገመድ ውሻ ያቅተዋል?» ብሎ ሸምቀቆ አበጀልኝ። ሸምቀቆ ደግሞ በሳቡት ቁጥር ይጠብቃል!

ጎረቤቴ እማማ ጥሩነሽ ከበራቸው ሆነው፣ «ምነው መምህር፣ ሊጥሉት ነው? ምን በደለዎት?» አሉኝ። በእኛ ከተማ ውሻ በገመድ የሚጎተተው ሊጣል ሲሆን ነዋ።

«ኧረ ላስከትበው ነው!»

«እሱስ ያመነዎት አይመስልም» ብለው ሳቁብኝ።

ሸምቀቆውን ስፈታለት ሮጦ ቤት ገባ። ይኸው እስካሁን አልጋ ሥር ነው፤ እጄን ስዘረጋለት ያጉረመርማል። የከተማችን የክትባት ዘመቻ ደግሞ ዓርብ ያበቃል።

የምፈልገው የማይጠብቅ ሰፊ የቆዳ አንገት ማሰሪያና ሁለት ሜትር የሚሆን ጠፍጣፋ ገመድ ነው። እዚህ ፍኖተ ሰላም ፈልጌ አጣሁ። ቡሬ ወይም ደምበጫ ያያችሁ፣ ወይም እንዲህ የሸሸ ውሻ መልሳችሁ ያለማመዳችሁ ካላችሁ፣ የት እንዳለ ወይም በምን እንደያዛችሁት እባካችሁ ዛሬውኑ ጻፉልኝ።