የዘጌ ሰም በአራቱም ሲሊንደር

ፀሐይወርቅ «ችግር የለውም» የሚል ሰው አትወድም። በባሕር ዳር ጋራዦች ከዚህ ቃል የበለጠ ሞተር የፈጀ ነገር የለም ባይ ናት። ፍሬኑ ይጮሃል? ችግር የለውም። ዘይቱ ያንጠባጥባል? ችግር የለውም። በኋላ መኪናው ድልድይ ላይ ቀጥ ሲል ደግሞ ነገሩ ሁሉ የእግዜር ሥራ ይሆናል! እሷ ታዲያ ያን ቃል በሰማች ቁጥር መፍቻዋን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ «ለማን ነው የሌለው?» ትላለች። ደንበኛው ይፈራታል። ግን ተመልሶ የሚመጣው እሷው ዘንድ ነው።

የመካኒክነት ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። አባቷ ዘጌ ላይ ዜማ ያስተምሩ ነበር፤ እሷን ግን የሳባት ምእመናን የሚያመላልሱት ጀልባዎች ሞተር ነው። ሐይቁ መካከል ቆመው እየተጎተቱ ሲመጡ፣ ስትፈታና ስትገጥም፣ ስታበላሽና ስትሰደብ ተማረች። ዛሬ ከሐይቁ ዳር ገባ ብሎ የራሷ ጋራዥ አላት። ታናሽ ወንድሟ አምሐ ብረት የሚቆርጠውንና የሚልገውን ማሽን ይዞላታል። እሁድ እሁድ ዲያቆን ነው።

በዚያ ሰሞን የያዙት የባምላክን አሮጌ ዲኤክስ ቶዮታ ነበር። ባምላክ ባንክ ቤት ተቀምጦ ይውላል፤ ልቡ ግን መሪው ላይ ነው። ቅዳሜ ከመሸንቲ ማዶ በተዘጋ መንገድ ላይ በሚደረገው ውድድር ሊነዳት ተመዝግቧል። ጉልበት እንድታገኝ ሲባል የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታው፣ ተልጎ ዝቅ ብሏል፤ ቫልቮቹን ከበፊቱ ጠለቅ አድርጎ የሚከፍት ካምሻፍትም ገብቶላታል። እንግዲህ ቫልቭና ፒስተን ተቀራረቡ። ፒስተኑ ሽቅብ ሲሮጥ ቫልቩ ቁልቁል ወርዶ ከጠበቀው፣ በመካከላቸውም በቂ ክፍተት ከሌለ፣ ይጋጫሉ። ቫልቩ ይጎብጣል፣ ፒስተኑ ይበሳል፣ ሞተሩ ነክሶ ቀጥ ይላል። ነጂው በዚያ ፍጥነት የት ሄዶ እንደሚያርፍ እሱን ማንም አይነግርህም።

ክፍተቱን መለካት ደግሞ ቀላል ነው። ፒስተኑ አናት ላይ ለስላሳ ነገር ይለጠፋል፤ ቴስታው ከሥሩ ከሚነጠፈው ስስ መከለያ፣ ከጓርኒሲዮኑ ጋር ይታሰራል፤ ሞተሩ በእጅ ቀስ ተብሎ ይዞራል። ከዚያ ይፈታና ቫልቩ የረገጠው ቦታ በምላጭ ተቆርጦ ውፍረቱ ይለካል። ሌላው ሰው የልጆች መጫወቻ ጭቃ ይለጥፋል። ፀሐይወርቅ የዘጌ ሰም ነው የምትለጥፈው። ከጧፍ የሚተርፈውን አክስቷ እማሆይ ወለተ ኪዳን ይልኩላታል።

«ለየትኛው ደብር ነው፣ ልጄ?» ብለዋት ነበር በመጀመሪያው ጊዜ።

«ለቶዮታ ነው፣ እማሆይ።»

«እሱም ምእመን ያመላልሳል፤ ውሰጂ» አሏት።

ዓርብ ዕለት ፀሐይወርቅ ዕቃ ፍለጋ ገበያ ወጥታ ስትመለስ አምሐ እጁን እየጠረገ ጠበቃት።

«ለካህ?»

«ለካሁ። ከሁለት ሚሊ በላይ ነው፤ ሰፊ ነው።»

ደስ አላት። አብረው ሞተሩን አሰሩ፣ ካምሻፍቱን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ አስገቡ። ለባምላክም ስልክ ደወለች፦ «ና ውሰዳት፣ አልቃለች።»

ባምላክ ከነከረቫቱ እየሮጠ መጣ። እሷ ዕቃ እየሰበሰበች ሳለ ሰሙ የተጠቀለለባትን ጨርቅ ከመደርደሪያው አነሣች። ከበደቻት።

«አምሐ፣ ይህ ሰም ምነው አልጎደለ?»

አምሐ መሬት መሬት አየ። «በአንዱ ነው የለካሁ።»

«በአንዱ?»

«ለቤተ ክርስቲያን የተባለ ሰም እኮ ነው፣ እታለም። በአራቱም ከዘይት ጋር ልለውሰው? ኃጢአት መሰለኝ። አራቱም ደግሞ አንድ ዓይነት ናቸው።»

«አንድ ዓይነት አይደሉም! ሦስተኛው ፒስተን ተሰንጥቆ ከሌላ ሱቅ አላመጣንም? አንተው አይደለህም የገጠምኸው? ሰም ማባከን ኃጢአት ሆነና ሰው ማባከን ምን ሊባል ነው? በየትኛው መጽሐፍ አነበብኸው?»

ባምላክ በመካከል ገባ። «እትዬ፣ እንግዲህ ከታሰረ... ችግር የለውም።»

አምሐ ዓይኑን ጨፈነ። መፍቻው ጠረጴዛው ላይ ጓ አለ።

«ለማን ነው የሌለው?»

«ውድድሩ ነገ ጠዋት ነው! አልቃለች ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

«ብያለሁ፤ ተሳስቻለሁ። አሁን ደግሞ አላለቀችም እያልሁህ ነው።»

«መኪናዋ የእኔ ናት።»

«ያንተ ናት። አሁኑኑ ውሰዳት። ግን ቴስታውን ለብቻ በጆንያ ተሸክመህ ነው የምትወጣ።»

ባምላክ ወደ በሩ አየ፣ ወደ መኪናዋ አየ። ከዚያ ከረቫቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተ።

ቴስታው ወረደ። ፀሐይወርቅ ሰሙን በመዳፏ አሙቃ አራቱም ፒስተን ላይ ለጠፈች፤ መልሰው አሰሩ። ሞተሩን በእጁ እንዲያዞር ያደረገችው ባምላክን ነው። «ቀስ! ሊጥ አይደለም የምታቦካው» እያለች። እንደገና ፈቱ። አንደኛው ደህና። ሁለተኛው ደህና። ከሦስተኛው ላይ የቆረጠችውን ቁራጭ ግን አልለካችውም። በምላጩ ጫፍ ይዛ ከሐይቁ በኩል ወደሚገባው የማታ ፀሐይ አነሣችው። ብርሃኑ አለፈበት፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ ነበር።

«በእጅ ሲዞር ይህን ያህል ከሆነ...» አለ ባምላክ ቀስ ብሎ።

«ሲግልና ሲፈጥን ይህችም ክፍተት አትተርፍም። ሁለተኛው ኩርባ ላይ አትደርስም ነበር።»

አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። ስልኩን አውጥቶ ለውድድሩ ሰዎች «ነገ አልመጣም» ሲላቸው ድምፁ ተሰበረ። ፀሐይወርቅ አላባበለችውም። የሚባበል ነገር አልታያትም፤ ሰውዬው በሕይወት አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ተወዳዳሪዎቹ እያገሱ ወደ መሸንቲ ሲያልፉ ሦስቱም ጋራዥ ውስጥ ነበሩ። ባምላክ ጆሮውን ወደ መንገዱ ጥሎ እጁን ዘይት አስነክቷል። አምሐ በሦስተኛው ፒስተን አናት ላይ የቫልቩን ጎድጓዳ ቦታ በማሽኑ ጠለቅ አድርጎ፣ ክብደቱንም ከሌሎቹ ጋር አስተካክሎ መልሶ ገጥሞታል። አሁን የመጨረሻው ልኬት ቀርቷል። ፀሐይወርቅ ሰሙን ከነጨርቁ ለአምሐ ሰጠችው።

አምሐ ሰሙን ይዞ ቆመ። አማተበ።

«ጨረስህ?» አለችው።

«ጨረስሁ።»

«በል እንግዲህ፣ አራቱንም።»

በአውራ ጣቱ አንደኛውን ጫነ፣ ሁለተኛውን ጫነ፣ ሦስተኛውን ጫነ። እሷ እጇን አጣጥፋ፣ አራተኛውን እስኪጭን ድረስ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።