ወንድሜ ቀለም ቀቢው

እናታችን ስትሞት እኔ ሰባት፣ ወንድሜ አራት ዓመታችን ነበር። አክስቴ እኔን ወሰደችኝ፤ ሁለት ልጅ የማሳደግ አቅም የለኝም ብላ እሱን ለአባታችን ተወችው። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አክስቴ በር ላይ ቆማ "ዛሬ ምን አሳቀሽ?" ትለኛለች። አባታችን ደግሞ ዕቃ በጠፋው ቁጥር የልጁን ልብስ በርብሮ "ውጣ ከቤቴ" የሚል ሰው ነበር። ወንድሜ ስንት ጎረቤት ቤት እንዳደረ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

እኔ ባሌን ቀብሬያለሁ፤ መጋረጃ የምሰፋበት ሱቅም ተቃጥሎብኛል። ያም ሆኖ ጠዋት ተነስቼ ፊቴን እታጠባለሁ፣ ከሰው ጋር እስቃለሁ። ጠንካራ ነሽ ይሉኛል። ምኑን ጠነከርኩት፤ አክስቴ ያኔ ያጎረሰችኝ ነው እስከ ዛሬ ያቆመኝ።

ወንድሜ እጀ ወርቅ ቀለም ቀቢ ነው። እሱ ቀብቶ በወጣበት ቤት ወለሉ ላይ አንድ ጠብታ አይገኝም። ሁለት ጊዜ አግብቶ ሁለቴም ያለ አንዳች ጠብ ጥሎ ወጣ። በሃምሳ ዓመቱ ሳንባውን ታሞ እኔ ቤት መጣ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ስድስት ወር ሳያቋርጥ ከዋጠ ይድናል፣ ካቋረጠ ግን አበቃለት አለኝ። እኔም ከዓይኔ እንዳይርቅ ለራሴ ማልኩ።

አራት ወር ደህና ሄደ። ልብሱ ግን ሻንጣው ውስጥ እንደታጨቀ ነው። አንድ ቀን ክሊኒክ ሲሄድ ልብሱን አውጥቼ አጠብኩ፣ ተኮስኩ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ደረደርኩለት። ደስ ይለዋል ብዬ ነው፣ እኔ ሞኟ።

ተመልሶ ባዶውን ሻንጣ ሲያይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እትዬ፣ ምን ጠፋብሽ?" አለኝ።

ሳቅሁበት። አክስቴ ቤት እንዲህ ያለ ነገር በሳቅ ነበር የሚያልቀው። እሱም አብሮኝ ሳቀ፣ እራቱንም በላ። በማግስቱ ከሥራ ስገባ ክፍሉን ጠራርጎ፣ አልጋውን አንጥፎ ሄዷል። መድኃኒቱን ጠረጴዛ ላይ ትቶታል።

ያልፈለግሁበት ቦታ የለም። ከሰባት ወር በኋላ ከሆስፒታል ተደወለልኝ። ስደርስ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ ተስፋ የለውም አለኝ።

"ለምን ጥለኸኝ ሄድክ?"

"ሳልሰለችሽ ልውጣ ብዬ ነው።"

"መቼ ሰለቸኸኝ?"

"አይ፣ ገና አልሰለቸሁሽም ነበር" አለ፣ ሊያጽናናኝ ፈልጎ።

እጁን ይዤ አለቀስኩ። ቤቴ ቤትህ ነው ብዬ ብነግረው፣ ብምል ብገዘት፣ በዚህ ዕድሜው ከየት አምጥቶ ይመነኝ። ነርሷ ትራሱን ልታስተካክልለት ጠጋ ስትል ቀና ለማለት ሞከረ።

"እህቴ፣ አልጋውን ልልቀቅ እንዴ?" አላት።