ስም ያልወጣላቸው ሳተላይቶች

ትናንት የአያቴ አርባ ነበር።

አያቴ ከሠርክ ጸሎት ወደ ቤት ሲመለሱ አጥራችን ሥር ቆመው ሰማይ ያዩ ነበር። አዲስ የመጠቁ ሳተላይቶች ተሰልፈው ካለፉ፣ «ስማቸውን በስልክህ እይልኝ» ይሉኝ ነበር።

«ገና አልተለዩም፣ አያ። ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው።»

«ሸጋ! ክርስትና እስኪነሡ አርባ ቀን እንጠብቃቸዋ!» ብለው በጣታቸው መቁጠር ይጀምሩ ነበር።

የመጨረሻዎቹን አብረን ባየን በሳምንቱ አረፉ።

ትናንት ካህናቱ በጸሎቱ መሀል የማላውቀውን ስም ደጋግመው ሲጠሩ ግራ ገብቶኝ፣ «ማን ነው?» አልኋት እናቴን።

«የአያትህ የክርስትና ስም ነው እንጂ!»

ዕድሜዬን ሙሉ አብሬያቸው ኖሬ አልሰማሁትም ነበር።

ሲመሽ ስልኬን ብከፍት ለእነዚያ ሳተላይቶች ስም ወጥቶላቸዋል። ለአያቴ ልነግራቸው ሮጬ ወደ አጥሩ ወጣሁ። በየትኛው ስማቸው እንደምጠራቸው ግን ጠፋኝ።